የባጃጅ ቤት አሠራር
(በሬዲዮ የቀረበ የመሠረተ ትምህርት ንግግር)

ፊደል ቆጥራችሁ፣ መደመርና ማባዛት የጀመራችሁ ሁሉ ዛሬ ደብተርና እርሳስ ያዙ። ሜትር ያለው ሜትሩን፣ የሌለው ገመድ ያቅርብ። የዛሬው ንግግራችን ስለ ባጃጅ ማደሪያ ቤት ነው። በእኛ አገር «ጋራዥ» ሲባል መኪና የሚጠገንበት ስለሚመስል፣ እኛ የባጃጅ ቤት ብንለው ይሻላል።

እንደምታውቁት ኮን የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት። ደጋ ናት፣ ነፋሻ ናት። ክረምት ዝናቡና በረዶው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ የሌሊቱ ውርጭ አለባት። ሜዳው ብዙው ዋልካ ነው። በዕቁብና በብድር የተገዛ ባጃጅ በዚህ አየር ውጭ ካደረ ሸራው ይቀደዳል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ጠዋትም አልነሳ ይላል።

እኔም አንድ ጊዜ ቸኩዬ ሠርቼ ነበር። ቋሚውን በዋልካው ላይ ክንድ በማይሞላ ጉድጓድ ተከልኩ፤ በሩንም ወደ ውስጥ የሚከፈት አደረግሁት። ነሐሴ ላይ ዋልካው ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ መቃኑ ተጣመመና በሩ ነከሰ። በዚያው ሰሞን ሌሊት ጎረቤታችንን ምጥ ያዛት። ባጃጁ ውስጥ ነው፣ በሩ አልከፈት አለ። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት በጭቃ ሄዱ። እግዜር ይመስገን በሰላም ተገላገለች። እኔ ግን በማግስቱ ያን በር በመጥረቢያ አፈረስኩት። የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ነው።

በመጀመሪያ መሬቱን እንይ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ታዲያ መሠረቱ ምን ያህል ይቆፈር? በጥር ወይም በየካቲት ስንጥቁ ሲከፈት ቀጭን ዘንግ ስደዱበት። ዘንጉ የወረደበትን ያህል፣ ከዚያም አንድ ስንዝር አልፋችሁ ቆፍሩ። 80 ሳንቲም ወይም 1 ሜትር ቢሆን አይግረማችሁ። ጉድጓዱን በጥቁር ድንጋይ ሙሉትና ግንቡን ከመሬት በላይ 50 ሳንቲም አውጡት። ቋሚው እንጨት በዚህ ግንብ ላይ ይቀመጥ እንጂ አፈር አይንካ። በደጋው ምስጥ ብዙም አያሰጋም፤ ባሕር ዛፉን የሚበላው እርጥበት ነው። ቅርፊቱን ላጡት፣ ጥላ ሥር ይድረቅ፣ እግሩንም ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ቀቡት።

አሁን ወደ ልኩ እንሂድ። ባጃጅ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ65 ሳንቲም ገደማ፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ነው። ቤቱ በውስጥ በኩል 3 ሜትር በ4 ሜትር ቢሆን ሰው በዙሪያው ተንቀሳቅሶ ጎማ ይፈታል። ይህ ልክ ሌላም ጥቅም አለው። አራት ችካል ትከሉና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ለኩ። በትክክል 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። ካልመጣ ችካሉን አንቀሳቅሱ። ሌላውንም ሰያፍ ለኩት፤ እሱም 5 መሆን አለበት። ሜትር የሌለው ሰው አንድ ዘንግ ቆርጦ 3 ዘንግ፣ 4 ዘንግ፣ 5 ዘንግ እያለ ማዕዘኑን ማውጣት ይችላል።

ወለሉ ከውጭው መሬት ቢያንስ 20 ሳንቲም ከፍ ይበል። ዋልካውን ዝቃችሁ አውጡ፣ ድንጋይና ጠጠር ሞልታችሁ በደንብ ጠቅጥቁ። በላዩ 10 ሳንቲም ኮንክሪት ካፈሰሳችሁ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 3 ሲባዛ በ4፣ 12። 12 ሲባዛ በ0.10፣ 1.2 ሜትር ኩብ። 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ሲቀላቀል ለአንድ ሜትር ኩብ 7 ከረጢት ያህል ይፈጃል። 7 ሲባዛ በ1.2፣ 8.4 ነው፤ እንግዲህ 9 ከረጢት ግዙ። ውድ ነው የሚል ሰው ጎማው በሚሄድበት ብቻ ማፍሰስ ይችላል። ግን ልብ በሉ! የመኪና ጎማ ሁለት መስመር ይበቃዋል፣ ባጃጅ የፊት ጎማው መሐል ላይ ስለሆነ ሦስት መስመር ይፈልጋል። እያንዳንዱ 40 ሳንቲም ስፋት ቢኖረው 4 ከረጢት አይሞላም። የፈሰሰውን ሳምንት ሙሉ ውሃ አጠጡት፣ ማታ ማታ በጭድና በጆንያ ሸፍኑት፤ ውርጭ ትኩስ ኮንክሪት ያፈርሳል።

ግድግዳው ማገርና ጭቃ ነው፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የጤፍ ጭድ ከቆላው ካልመጣ በስተቀር ያለን የገብስ ጭድ ነው፣ እሱም ረዥም ነው፤ ካልተከተፈ ጭቃውን አያስይዝም። ጭቃው ጥቂት ቀን ቦክቶ ይረገጥ። የመጀመሪያው ምርጊት ይሰነጠቃል፤ አትደንግጡ፣ በደንብ ይድረቅና በእበት በተለወሰ ቀጭን ጭቃ ልሰኑት። መለሰኛው ጊዜ ከጥቅምት ወዲህ ነው፤ በበልጉ ከጀመራችሁ ዝናብ ይይዛችኋል።

ጣሪያው በአንድ በኩል ያዘነበለ ይሁን። ከፍ ያለው ጎን 2 ሜትር ከ70፣ ዝቅ ያለው 2 ሜትር ከ20 ይሁን። ዝቅ ያለው ከመኖሪያ ቤታችሁ በተቃራኒ ይሁን፣ አለበለዚያ ፍሳሹ የራሳችሁን ግድግዳ ያጥባል። ቆርቆሮው ከግድግዳው 50 ሳንቲም ይውጣ። ሚስማሩን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ከነጎማው ምቱ፣ በሸለቆው ላይ ከመታችሁት ያንጠባጥባል። ወራጁን ከቋሚው ጋር በጥቁር ሽቦ እሰሩ፣ የዋድላ ነፋስ ሚስማር ብቻውን አይመክተውም። በዳገቱ በኩል የውሃ ቦይ ቆፍሩ። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ከአለት የፈለፈሉት አባቶች ዝናቡ የሚወርድበትን ቦይ አብረው ጠርበዋል፤ ያም ሆኖ ውሃ አለቱን በጊዜ ብዛት በልቶታል። ጭቃማ ምን ይሆናል?

በሩ ሁለት መዝጊያ ይኑረው፣ ወደ ውጭም ይከፈት። ጠቅላላ ስፋቱ 2 ሜትር፣ ከሥሩም ሁለት ጣት ክፍተት ይተው።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ይህን ነው። የባጃጅ ቤት ከመኝታ ቤት ጋር ግድግዳ አይጋራ፤ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። በብርድ ጊዜ በሩን ዘግቶ ሞተር ማሞቅ ይገድላል። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር አይሸትም፣ አይታይም። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው ተኝተው የቀሩትን የገደለው እሱ ነው። መጀመሪያ በሩን ክፈቱ፣ ባጃጁን ገፍታችሁ አውጡ፣ ከዚያ አስነሱ። ቤንዚን ሲጠፋ በጄሪካንና በሃይላንድ የሚያስቀምጥ አለ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ኩራዝ ወይም ክብሪት ሲያገኝ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሁለት፣ ከጣሪያው ሥር ሁለት፣ 20 ሳንቲም በ20 ሳንቲም የሆኑ የአየር ቀዳዳዎች በወንፊት ሽቦ ተሸፍነው ይኑሩ። ሌሊት ስትገቡ ባትሪ እንጂ ኩራዝ አትያዙ።

ቁልፉ ደግሞ በባለቤቱ ኪስ አይደር። ከመኖሪያ ቤቱ በር ጀርባ ሚስማር ምቱና እሱ ላይ ስቀሉት፤ ባለቤቲቱም ልጆቹም በጨለማ ዳስሰው የሚያገኙት ይሁን።