የሃይኪንግ የቆዳ ጫማ እንዴት ይመረጣል? ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እግራችሁን ስሙት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ክኒን ወይም ስለ መርፌ አይደለም፤ ስለ ጫማ ነው። «ዶክተር፣ ንግድ ጀመርክ እንዴ?» እንዳትሉኝ፣ ምክንያት አለኝ።

የእሁድ ሃይኪንግ አዲስ አበባ ውስጥ እየተለመደ ከመጣ ወዲህ ሰኞ ጠዋት የማያቸው እግሮች በዝተዋል። ተረከዙ ውሃ የቋጠረ፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር የጠቆረ፣ ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ። «ጫማውን መቼ ገዛኸው?» ስል የምሰማው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቅዳሜ ማታ።» አብዛኞቹ በሳምንት በአስር ቀን ይድናሉ። ስኳር ህመም ያለበት ሰው ግን ከዚያች ትንሽ ቁስል ተነስቶ አልጋ ሊይዝ፣ ሲብስም ጣቱን ወይም እግሩን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የፋሽን ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ ግን፦ የቆዳ ቦት ያስፈልጋችኋል ወይ?

እንጦጦ ላይ በተጠረገ መንገድ ለአንድ ሁለት ሰዓት ለመንሸራሸር ከሆነ ልካችሁ የሆነ ጥሩ ስኒከር ይበቃል። እግር ላይ ያለ ክብደት ጀርባ ላይ ከምንሸከመው ተመሳሳይ ክብደት ከ4 እስከ 6 እጥፍ የሚሆን ጉልበት ይበላል። ከባድ ቦት በከንቱ መጎተት ድካም ነው።

ወንጭ፣ ዝቋላ፣ ሱባ ጫካ የምትመላለሱ ከሆነ፣ ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ የምትገቡ ከሆነ፣ ወይም ስሜን ተራሮች ላይ ሻንጣ ተሸክማችሁ ለቀናት ልትጓዙ ካሰባችሁ ግን የቆዳ ቦት ዋጋውን ያወጣል። ድንጋይ አይቀደውም፣ እሾህ ቶሎ አይገባውም፣ በደንብ ከተያዘም ለዓመታት ያገለግላል።

አንድ የተሳሳተ እምነት ላንሳ። «ረጅም ቦት ካደረግኩ እግሬ ወለም አይልም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ረጅም ጫማ ይደግፋል፣ ዋስትና ግን አይደለም። ቁርጭምጭሚትን ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ነው። ጥርሳችሁን ስትቦርሹ በአንድ እግር መቆምን ተለማመዱ፤ ነፃ ነው፣ ይሠራል።

ልክ፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው

ውሃ መቋጠር የሚመጣው ጫማው ቆዳችንን ከላይ ስለሚፍቀው ብቻ አይደለም። ላዩ ቆዳ ከጫማው ጋር ተጣብቆ ሲቀር ከስሩ ያለው አጥንት ደግሞ በእያንዳንዱ እርምጃ ወዲያና ወዲህ ይላል። በመሃል ያለው የቆዳ ንብርብር ይላቀቅና ክፍተቱን ፈሳሽ ይሞላዋል። ላብና እርጥበት ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ የምንፈልገው ጫማ እግርን ሳያስጨንቅ ይዞ የሚያቆም ጫማ ነው። ስትገዙ እንዲህ አድርጉ፦

👉 ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሂዱ። እግር ቀን ሲቆምና ሲሄድ ስለሚውል ማታ ያብጣል። ተራራ ላይም የሚያብጠው እንደዚሁ ነው። ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ከሰዓት ሊጠብብ ይችላል።

👉 ካልሲያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሃይኪንግ ላይ የምታደርጉትን ወፍራም ካልሲ ማለቴ ነው፤ ሱቅ ውስጥ የሚሰጧችሁን ስስ ካልሲ አይደለም።

👉 ሁለቱንም እግር ለኩ። የብዙ ሰው አንድ እግር ከሌላው በትንሹ ይበልጣል። ወረቀት መሬት ላይ አድርጉ፣ ተረከዛችሁን ግድግዳ አስነኩ፣ ረጅሙ ጣታችሁ ጋ ምልክት አድርጉ። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ የአንዳንዶቻችን ሁለተኛው ይቀድማል። ጫማ የሚገዛው ለትልቁ እግር ነው።

👉 የጣት ፈተና። ማሰሪያውን ሳታስሩ እግራችሁን ወደ ፊት ግፉ፣ ጣታችሁ ጫፉን እስኪነካ። አሁን ተረከዛችሁ ጀርባ የእጅ ጣት ይገባል? አንድ ጣት ከገባ ጥሩ ነው። ካልገባ አነሰ፣ ሁለት ጣት ካስገባ ሰፋ።

👉 የውስጥ ሶሉን አውጥታችሁ ቁሙበት። እግራችሁ በጎን በኩል ከሶሉ ተርፎ ከወጣ ጫማው ለእናንተ ጠባብ ነው፤ «ሲለበስ ይሰፋል» የሚለውን የነጋዴ ቃል አትመኑ። ቆዳ በስፋት ትንሽ ይለቃል፣ በርዝመት ግን አይጨምርም።

👉 የቁልቁለት ፈተና። በደንብ አስራችሁ ደረጃ ወይም ዘቅዘቅ ያለ ቦታ ላይ ወደ ታች ሂዱ፣ እግራችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ መሬት ምቱ። ጣታችሁ ጫፉን ከነካ ያ ጫማ ለጥፍራችሁ ጠላት ነው፤ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ሺህ ጊዜ ሲመታ ከስሩ ደም ይቋጥርና ይጠቁራል።

👉 የዳገት ፈተና። ደረጃ ስትወጡ ተረከዛችሁ በጣም ትንሽ ከፍ ቢል ችግር የለውም። ጎልቶ ከተሰማችሁ ግን ተዉት።

የአውሮፓ ቁጥር ላይ በአንድ ሳይዝና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት ወደ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለሃይኪንግ ከዘወትር ጫማችሁ ከግማሽ እስከ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት የተለመደ ነው። ግን ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ «እኔ 41 ነኝ» ብላችሁ ሳትለኩ በኦንላይን አትዘዙ። እህቶቼ ደግሞ የወንድ ጫማ በትንሽ ቁጥር ስትገዙ ተረከዙ ሊሰፋባችሁ ስለሚችል እሱን ለይታችሁ እዩት። ከወሊድ በኋላ እግር በቁጥር ሊጨምር እንደሚችልም አትርሱ፤ የድሮውን ልክ አትመኑ።

ቆዳው፦ «ኦሪጅናል ሌዘር ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

የከብት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ፋብሪካ ውስጥ በውፍረቱ ይሰነጠቃል። የላይኛው ክፍል፣ ፀጉር የነበረበት፣ ክሩ እርስ በርሱ የተቆላለፈና ጥብቅ ነው። ሳይፋቅ እንዳለ ሲቀር በጣም ጠንካራው ቆዳ እሱ ነው። ላዩ በስሱ ተፍቆ ለስለስ ሲል ኑቡክ ይባላል፤ እሱም ጥሩ ነው፣ እንክብካቤ ግን ይፈልጋል። ከስር የሚወጣው ስንጣቂ ቆዳ ሱዊድ የሚሠራበት ሲሆን ቀላልና ርካሽ ነው፤ ጥንካሬው ግን ያነሰ ነው። የቆዳ ፍርፋሪ በማጣበቂያ ተጋግሮ የሚሠራም አለ። እሱም በስሙ «ቆዳ» ነው፣ ሁለት ክረምት መቻሉን ግን እጠራጠራለሁ።

የአገራችን የደጋ በግ ቆዳ በዓለም ገበያ የታወቀው ለጓንት ነው፤ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ። ለተራራ ቦት የሚፈለገው ግን ወፈር ያለ የከብት ቆዳ ነው።

በዓይን እንዴት ይለያል? ጫማውን ጣቶች የሚታጠፉበት ቦታ ላይ አጠፍ አድርጉት። እውነተኛ ቆዳ ቀጫጭን፣ ያልተስተካከሉ ሽብሽቦች ያወጣና ይመለሳል። ላዩ በፕላስቲክ የተቀባ ከሆነ አንድ ወፍራም እጥፋት ይይዛል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። የተቆረጠ ጠርዝ ካገኛችሁ ተመልከቱ፤ ቆዳ ከሆነ ክር ክር ይላል። ከዚያ ስፌቱን እዩ። ብዙ ቁራጭ ተገጣጥሞ የተሠራ ጫማ ብዙ ስፌት አለው፣ እያንዳንዱ ስፌት ደግሞ ውሃ መግቢያና መተርተሪያ ነው። ምላሱ በሁለቱም ጎን ከጫማው ጋር የተያያዘ ቢሆን ጠጠርና ጭቃ አይገባም።

ውሃ የማያስገባ ስስ ገበር ያለው ጫማ፣ እንደ ጎሬቴክስ ያለው፣ ለክረምት ጥሩ ነው። ግን ከላይ በኩል ውሃ ከገባበት ቶሎ አይደርቅም፣ ቆላ ላይም ያልባል።

ሶሉ፦ ብዙ ሰው የማያየው ቦታ

ጫማውን ከፊትና ከኋላ ይዛችሁ እንደ ልብስ ጠምዝዙት። በቀላሉ ከተጠመዘዘ ድንጋያማ መንገድ ላይ የእግራችሁ መሃል ጅማት ዋጋ ይከፍላል። መታጠፍ ያለበት ጣቶቻችሁ የሚታጠፉበት ቦታ ላይ እንጂ መሃል ላይ አይደለም። የሶሉ ጥርስ ጠለቅ ያለና የተራራቀ ይሁን፤ የተጠጋጋ ጥርስ ጭቃ ይይዝና እንደ በረዶ ያንሸራትታል። በስፌት የተያያዘ ሶል ሲያልቅ ሊቀየር ስለሚችል ዋጋው ቢወደድም በዓመታት ሲካፈል ርካሽ ይሆናል።

ሰልባጅ ለምትገዙ እና ከውጭ ዘመድ ለላከላችሁ

ይቺን በደንብ አንብቡ። የብዙ ቦቶች መካከለኛ ሶል የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር ነው። ይህ ነገር ባይለበስም ከአየር እርጥበት ጋር እየተገናኘ በዓመታት ውስጥ ይፈርሳል። ላዩ አዲስ የሚመስል፣ ዓመታት ሳጥን ውስጥ የቆየ ጫማ ተራራ መሃል ላይ ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የሶሉን ጎን በጣታችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ጫኑ፣ ጫማውን አጥፉ። ስንጥቅ ወይም ፍርፋሪ ካያችሁ በነፃም ቢሰጧችሁ ለረጅም ጉዞ አትውሰዱት። ያገለገለ ጫማ የውስጥ ሶሉ የሌላ ሰው እግር ቅርጽ ይዟልና ቀይሩት።

አዲስ ጫማ ተራራ ላይ አይመረቅም

የቆዳ ቦት መለማመድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለጥቂት ቀናት፣ ከዚያ ሰፈር ውስጥ፣ ከዚያ አጭር ዳገት። ወፍራም ቆዳ ሁለት ሦስት ሳምንት ሊፈልግ ይችላል። ካልሲ የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ክር ይሁን፤ ጥጥ ላብ ይዞ ይቀራል።

ማሰሪያ ላይ ደግሞ አንድ የሐኪም ዘዴ ልንገራችሁ። ቁስል ስንሰፋ ክሩ እንዳይላላ መጀመሪያ ሁለቴ ጠምዝዘን እንቋጥራለን። እናንተም ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ቁርጭምጭሚት መታጠፊያው ጋ ማሰሪያውን ሁለቴ ጠምዝዛችሁ አጥብቁ። ተረከዛችሁ ወደ ኋላ ይያዛል፣ ጣታችሁም ወደ ፊት አይንሸራተትም። ከጉዞ ሁለት ቀን በፊት ጥፍራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ።

ስኳር ህመም ላለባችሁ፦ እባካችሁ ይህን አትዝለሉ

ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የእግር ነርቭን ያደነዝዛል። ህመም ደግሞ የሰውነታችን ደወል ነው። ደወሉ ከጠፋ ጠጠር ጫማ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ቢፈቅፍቅ አይሰማችሁም። «አላመመኝም» ማለት ለእናንተ «አልቆሰልኩም» ማለት አይደለም። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት እጃችሁን አስገብታችሁ ዳብሱ። ማታ ማታ የእግራችሁን ስር በመስታወት እዩ፣ ወይም ልጆቻችሁ ይዩላችሁ። ረጅም ሃይኪንግ ከመጀመራችሁ በፊት እግራችሁን ሐኪም ይፈትሸው። ውሃ ከቋጠረ ራሳችሁ አታፍርጡ፤ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጤና ተቋም ሂዱ።

መንገድ ላይ ችግር ቢመጣስ?

👉 ተረከዝ ላይ ማቃጠል ሲጀምር ወዲያው ቁሙ። ቡድኑ ይጠብቃችኋል። ካልሲውን አስተካክሉ፣ ቦታውን በፕላስተር ሸፍኑ። በዚያች ሰዓት አምስት ደቂቃ መቆም አምስት ቀን ከማነከስ ያድናል።

👉 ውሃ ከቋጠረ ላዩን ቆዳ አትላጡ፤ ከሁሉም የተሻለው ፋሻ እሱ ነው። አካባቢው ከሞቀ፣ እብጠቱ ከጨመረ፣ መግል ካለው ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ጋ ሂዱ። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱንና እብጠቱን ተከታተሉ።

👉 እግር ወለም ካለና አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ የሚያም ከሆነ ራጅ ያስፈልጋል። እባካችሁ ከመታየቱ በፊት አታሳሹት።

👉 የጠቆረ ጥፍር አብዛኛውን ጊዜ ከጥፍሩ ጋር አብሮ ወደ ፊት እያደገ ይወጣል። ምንም ሳይመታችሁ የመጣ፣ ወይም ወደ ፊት የማይሄድና እየሰፋ የመጣ ጥቁር መስመር ካያችሁ ግን ለሐኪም አሳዩ፤ አልፎ አልፎ የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ጫማው እንዲቆይላችሁ

ከጉዞ ስትመለሱ ጭቃውን በብሩሽ አራግፉ፣ የውስጥ ሶሉን አውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቁበትና ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ወይም ከሰል አጠገብ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ የሶሉ ማጣበቂያም ይለቃል። ሲደርቅ የቆዳ ቅባት በስሱ ቀቡት።

ለማጠቃለል፦ በጀታችሁ ውስን ከሆነ ቅድሚያ ለልክ ስጡ፣ ከዚያ ለሶል፣ ከዚያ ለቆዳው ዓይነት። ስሙና ቀለሙ መጨረሻ ይምጣ። ልካችሁ የሆነ መካከለኛ ጫማ ልካችሁ ካልሆነ ውድ ጫማ ይሻላል።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ። ሃይኪንግ የሚወድ ጓደኛ፣ በተለይ ስኳር ያለበት ወላጅ ወይም ዘመድ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉለት። መልካም ጉዞ፣ ጤናማ እግር!