በአየር የሚፈጸም ኮንትሮባንድና መከላከያው

ኮንትሮባንድ ማለት ሕግ የከለከለውን ወይም ቀረጥ የሚከፈልበትን ዕቃ ከጉምሩክ ሠራተኞች ሠውሮ ወደ አገር ማስገባት ወይም ከአገር ማስወጣት ነው። ይህ ሕገ ወጥ ተግባር ቀድሞ በግመልና በመርከብ ይፈጸም ነበር፤ አይሮፕላን ከተፈለሰፈ ወዲህ ግን ወርቅን፣ የዝሆን ጥርስንና አደንዛዥ ዕፅን የመሳሰሉ ዋጋቸው ከክብደታቸው የሚያመዝን ዕቃዎች በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ከአህጉር ወደ አህጉር ይሻገራሉ። በዚህም ምክንያት መንግሥት ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል ሊያውለው የሚችለውን ቀረጥ ያጣል፤ ጥራቱ ያልተመረመረ መድኃኒት በሕዝብ እጅ ይገባል፤ የዱር አራዊትም ይመናመናሉ።

ይሁን እንጂ የአየር ጉዞ ከየብስ ድንበር ይልቅ ለቁጥጥር ያመቻል። ድንበር ረጅም፣ መተላለፊያውም ብዙ ሲሆን፣ አይሮፕላን የሚያርፈው በታወቀ ስፍራ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ከተማ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት፣ በአገሮች መካከል የሚበር አይሮፕላን የመንገደኞቹን የስም ዝርዝርና የጭነቱን ዝርዝር እንዲይዝ ያዛል፤ የሚያርፍበት አገርም አይሮፕላኑን የመፈተሽ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ታዲያ ቁጥጥሩ የሚካሄደው እንዴት ነው? መሠረቱ ሰነዱን ከዕቃው፣ ዕቃውንም ከባለቤቱ ጋር ማመሳከር ነው። በጭነት ሰነድ ላይ የላኪውና የተቀባዩ ስም፣ የዕቃው ዓይነትና ክብደት ይጻፋል። ለምሳሌ፣ ሰነዱ «ቆዳ፣ 40 ኪሎ» ብሎ ሚዛኑ 55 ቢያሳይ፣ ጭነቱ ተከፍቶ ይታያል። የራጅ መሣሪያ ያልተከፈተውን ሻንጣ ውስጡን ያሳያል፤ የሠለጠነ ውሻም የተደበቀውን ዕፅ አሽትቶ ያገኛል። ቦሌን በመሰለ የብዙ በረራዎች መገናኛ በሆነ አየር ማረፊያ፣ ከአንዱ አይሮፕላን ወደ ሌላው የሚተላለፍ ዕቃም ሊመረመር ይገባል። በሻንጣው ላይ የሚታሠረው ባለቁጥር ወረቀት ደግሞ ሻንጣውን ከመንገደኛው ስም ጋር ያያይዘዋል።

እንግዲህ ኮንትሮባንድ ነጋዴው አጥብቆ የሚሻው ስሙ በሰነድ ላይ እንዳይገኝ ነው። ስለዚህ የዋህ መንገደኛ ፈልጎ፣ «ይህችን ጥቅል ለዘመዴ አድርስልኝ» ይላል። ዕቃው ሲያዝ አስቀድሞ የሚጠየቀው ተሸካሚው ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንደሚባለው፣ ጥቅሉ በእጁ፣ ስሙም በወረቀቱ ላይ ይገኛልና «አላውቅም» ማለቱ በቀላሉ አያድነውም።

እናንተም ለጉዞ በምትነሡበት ጊዜ ሻንጣችሁን ራሳችሁ አሰናዱ፤ ከዓይናችሁም አትለዩት። ውስጡን ያላያችሁትን ጥቅል፣ ላኪው የቅርብ ዘመድ ቢሆንም እንኳ፣ አትቀበሉ። ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ ከያዛችሁም ሳትጠየቁ ለጉምሩክ አስታውቁ።