የተጋገረ አጃ

የተጋገረ አጃ የተዳመጠ አጃ ከወተት፣ ከዕንቁላልና ከፍራፍሬ ጋር ተቀላቅሎ በኦቨን የሚጋገር የቁርስ ምግብ ነው። በድስት እየተማሰለ ከሚሠራው የአጃ ገንፎ የሚለየው ሲበስል ረግቶ እንደ ኬክ ተቆራርጦ የሚቀርብ በመሆኑ ነው። በአሜሪካ፣ በተለይም በፔንስልቬኒያ ግዛት በሚኖሩ የአሚሽና የሜኖናይት ማኅበረሰቦች ዘንድ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያ አጃ ይበልጥ የሚታወቀው በአጥሚትነቱ ሲሆን፣ በተለይ ለአራስ ይሰጣል።

የጤና ጥቅም

አጃ ሲዘጋጅ የሚወገደው የውጪው ገለባ ብቻ ነው፤ የፍሬው ቆዳ አብሮ ይቀራል። በውስጡ ቤታ ግሉካን የተባለ በውሃ የሚሟሟ ፋይበር አለ። ይህ ፋይበር አንጀት ውስጥ ይዝለገለግና የሐሞት አሲድን ይዞ ይወጣል። ጉበት የወጣውን ለመተካት ኮሌስትሮልን ስለሚጠቀም በደም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ይቀንሳል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 የአጃ አምራቾች ይህን ጥቅም በማሸጊያቸው ላይ እንዲገልጹ ፈቅዷል። መነሻው በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው፤ ይህም በ75 ግራም ያህል ደረቅ አጃ ውስጥ ይገኛል። ከዚህ በታች ባለው መጠን የተሠራ አንድ ቁራጭ 45 ግራም አጃ ስላለው ከግማሽ በላዩን ይሸፍናል። ሆኖም ስኳርና ቅቤ በብዛት ከተጨመረበት ምግቡ ከኬክ ብዙም አይለይም።

ለ4 ሰው የሚያስፈልጉ ነገሮች

- 2 ኩባያ (180 ግራም) የተዳመጠ አጃ
- 420 ሚሊ ሊትር ወተት
- 1 ዕንቁላል
- 2 በደንብ የበሰለ ሙዝ
- 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
- 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር
- 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው

አሠራር

1. ኦቨኑን 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ማሞቅ፤ ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ መጋገሪያ ዘይት መቀባት።
2. ሙዙን መፍጨት፤ ከዕንቁላሉ፣ ከወተቱና ከዘይቱ ጋር መምታት።
3. አጃውን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ቀረፋውንና ጨውን ጨምሮ ማዋሃድ።
4. ወደ መጋገሪያው ገልብጦ ለ10 ደቂቃ ማቆየት፤ አጃው በዚህ ጊዜ ፈሳሹን መምጠጥ ይጀምራል።
5. መሃሉ እስኪረጋና ዳር ዳሩ እስኪቀላ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ መጋገር።
6. ከመቆረጡ በፊት ለ10 ደቂቃ ማቀዝቀዝ።

መለዋወጥ የሚቻለው

ምግቡን የሚያረጋው ዕንቁላሉና ውሃ ጠጥቶ የሚያብጠው የአጃው ስታርች ነው። ስለዚህ ጣዕሙን እንደ ልብ መቀየር ይቻላል፤ የአጃውና የፈሳሹ ምጣኔ ግን መጠበቅ አለበት። ማንጎን የመሰለ ውሃ የበዛበት ፍራፍሬ ሲጨመር ወተቱን በትንሹ መቀነስ፣ ዘቢብ ወይም ቴምር ሲጨመር ደግሞ በትንሹ መጨመር ይገባል። ኦቾሎኒም ይስማማዋል።

ለጾም በዕንቁላሉ ምትክ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጦ እስኪወፍር ማቆየት፣ በላም ወተት ምትክ የአኩሪ አተር ወተት መጠቀም ይቻላል። ለአጥሚት የተፈጨ የአጃ ዱቄት ግን የተዳመጠውን አይተካም፤ ምግቡ ይጠጥራል። የተከካ አጃም ሳይዘፈዘፍ ከገባ ጥሬነቱ አይለቅም።

ጥንቃቄ

- አጃ በእርሻም በወፍጮም ከስንዴና ከገብስ ጋር ይቀላቀላል። ሴሊያክ የተባለው የግሉተን ሕመም ያለበት ሰው ከግሉተን ነፃ ተብሎ የታሸገውን ብቻ መጠቀም አለበት፤ ጥቂት ሕሙማን ግን ንጹሕ አጃም አይስማማቸውም።
- ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር የገባበት መሰጠት የለበትም፤ ቦቱሊዝም የተባለ ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል፤ መጋገሩም አደጋውን አያስወግደውም።
- የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሙዝ፣ ቴምርና ማርም ስኳር እንዳላቸው ማስላት ይኖርበታል።

አቀማመጥ

ከቀዘቀዘ በኋላ ተከድኖ በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ቆራርጦ በረዶ ቤት ውስጥ ካስቀመጡት እስከ 3 ወር ይቆያል። ጠዋት ጠዋት የሚፈለገውን ያህል ብቻ አውጥቶ ማሞቅ ይበቃል።