የአሮጌ የጀልባ ሞተር ቮላኖ አነቃቀል

ከውጭ አገር ያገለገለ የጀልባ ሞተር የሚያስመጣ ነጋዴም ሆነ ለዚሁ ሞተር መለዋወጫ የሚሸጥ ባለሱቅ ከደንበኞቹ አዘውትሮ የሚሰማው አቤቱታ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «ሞተሩ እሳት አይሰጥም» የሚል ነው። ቤንዚኑ ተለውጦ፣ ካንዴላው በአዲስ ተተክቶ ሞተሩ አሁንም አልነሣም ሲል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ በሞተሩ አናት ላይ ያለውን ከባድ ተሽከርካሪ ብረት፣ ማለት ቮላኖውን መንቀል ነው። ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል ሞተር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዋጋ ቢስ ሆኖ የሚቀረውም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የመካኒኩ ብቻ ነው ብሎ መተው ለነጋዴው አይበጀውም።

ከጀልባ ኋላ የሚታሠረውን ሞተር በሰፊው ለገበያ ካበቁት ሰዎች ዋነኛው፣ በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። በሚልዎኪ ከተማ መሸጥ የጀመረው በ1909 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲሆን፣ የዚያ ሞተር ጉልበት አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱም 62 ፓውንድ ወይም 28 ኪሎ ያኽል ነበር። የጆንሰን ወንድማማቾች በ1922 ከዚያ በጣም የቀለለ ሞተር አወጡ፤ በ1936 ሁለቱ ስሞች በአንድ ኩባንያ ሥር ተጠቃለሉ። ይኸው ኩባንያ በ2000 መጨረሻ ላይ ከሠረ፤ ስሙን የገዛው ሌላ ድርጅትም የኤቪንሩድን ሞተር መሥራት በ2020 አቆመ። ሆኖም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩት የአምስት ተኩል፣ የዐሥርና የዐሥራ ስምንት የፈረስ ጉልበት ሞተሮች ብረታቸው ጠንካራ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራሉ፤ ለእነርሱ የሚሆነውን ቦቢናና ፑንቲና ሌሎች ፋብሪካዎች ይሠሩላቸዋል።

በእነዚህ ሞተሮች እሳቱን የሚያመነጨው ማግኔቶ የሚገኘው ከቮላኖው በታች ነው። በቮላኖው ክብ ውስጥ የተተከለው ማግኔት በቦቢናዎቹ አጠገብ በፍጥነት ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ፑንቲናው በተከፈተ ቅጽበት ኃይሉ ወደ ካንዴላው ይሄዳል። ሞተሩ ለብዙ ጊዜ ሳይሠራ ከቆየ ፑንቲናው ይዝጋል፤ የአሮጌው ቦቢና ልባስም ይሰነጣጠቅና እርጥበት ያስገባል። የችግሩ አብዛኛው እዚህ ነው፤ መድኃኒቱም ርካሽ ነው። ውድ የሚሆነው እዚያ ለመድረስ በሚደረገው ትግል ነው።

ትግሉ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይገባል። የሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ነው፤ የቮላኖው ቀዳዳም በዚያው ልክ ተሞርዷል። ዳዶው ሲጠብቅ ሁለቱ ብረቶች እርስ በርሳቸው ይነካከሳሉ፤ ኃይሉን የሚሸከመው ይህ ንክሻ ነው። በመካከላቸው የምትገባው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ትንሽ ብረት ግን ሥራዋ ቮላኖውን በተወሰነለት ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳዶው ከተፈታ በኋላም ቮላኖው ንቅንቅ የማይለው ዝጎ ሳይሆን እንደዚያ እንዲሆን ስለ ተሠራ ነው። ይህን ያልተረዳ ሠራተኛ ወዲያው መዶሻ ያነሣል።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። አስቀድሞ የካንዴላው ሽቦና ካንዴላው ይወጣሉ። የገመድ ማስነሻው ክዳን ይነሣል፤ በውስጡ የተጠቀለለው ስፕሪንግ ከተፈታ እጅ የሚቈርጥ ስለ ሆነ ክዳኑን እንዳለ ማንሣት እንጂ መበታተን አያስፈልግም። ዳዶው በሚፈታበት ጊዜ ቮላኖው እንዳይዞር በጠፍር መያዣ ይታሠራል። ካቻቢቴ በጥርሱ መካከል አስገብቶ መያዝ ጥርሱን ይሰብራል። በአንዳንድ ጋራዥ ደግሞ ፒስተኑን ለማቆም በካንዴላው ቀዳዳ ገመድ ይከቱበታል። በዚህ ዓይነት ሞተር የሲሊንደሩ ግድግዳ የጋዝ መግቢያና መውጫ ቀዳዳ ስላለው፣ ገመዱ በዚያ ሊያዝና ሊቈረጥ ይችላል፤ ስለዚህ አንመክረውም።

ዳዶው ከተላቀቀ በኋላ ጨርሶ አይወጣም፤ ከዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ብቻ ይለቀቃል። ይህም የዘንጉን ጥርስ ከጉዳት ይጠብቃል፤ ቮላኖው በድንገት ሲላቀቅም ወደ ላይ እንዳይወረወር ያግደዋል። ከዚያ በቮላኖው እምብርት ዙሪያ ያሉትን ሦስት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች መጥረግ ነው። መንቀያው በመካከሉ ትልቅ ቡሎን፣ በዙሪያውም ሦስት ትንንሽ ቡሎኖች ያሉት ወፍራም ብረት ሲሆን፣ ሦስቱ ቡሎኖች በቀዳዳዎቹ እኩል ይገባሉ። በጣም ጠልቀው ከገቡ ከሥር ያለውን ቦቢና ይወጋሉ። የመካከሉ ቡሎን ዘንጉን እንዲገፋ ይጠብቃል፤ በደንብ ከተወጠረ በኋላ በራሱ ላይ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ መምታት ነው። ብዙውን ጊዜ ቮላኖው እንደ ጥይት ጮኾ ይላቀቃል፤ እንቢ ካለ ዘይት አንጠባጥቦ፣ መንቀያውን እንደ ተወጠረ አሳድሮ በማግሥቱ መሞከር ይሻላል። የብየዳ እሳት መልቀቅ ማግኔቱን ያዳክማል፣ ከሥር ያለውን የዘይት መከላከያ ጎማም ያቃጥላል።

ለመኪና ጎማ የተሠራውን ባለ መንጋጋ መንቀያ በቮላኖው ጠርዝ ላይ መጠቀም ግን ከቶ አይገባም። ጠርዙ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ቮላኖ በደቂቃ ብዙ ሺሕ ጊዜ ሲሽከረከር ቢበተን ሰው ይገድላል። አንዱ ቮላኖውን ወደ ላይ እየሳበ ሌላው ዘንጉን በመዶሻ የሚመታበት የድሮ ልማድም አለ። ዘንጉ ላይ የወረደው ምት ኩሺኔቱን ይጎዳል፣ የዘንጉን ጫፍም እንደ እንጉዳይ ያፈጠፍጠዋል።

ቮላኖው ከወጣ በኋላ ማግኔቱ የብረት ብናኝ ስለሚስብ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይቀመጥ። የግማሽ ጨረቃዋ ብረት ትመርመር፤ ጥቂት እንኳ ከተቈረጠች እሳቱ ያለ ጊዜው ይመጣል፣ ሞተሩም ሲነሣ ገመዱን መልሶ ይጎትታል። ምስማር ሞርዶ በእርስዋ ምትክ መክተት ያላዋቂ ሥራ ነው። የፑንቲናው ክፍተት በነዚህ ሞተሮች 0.020 ኢንች፣ ማለት ግማሽ ሚሊሜትር ያኽል ነው። ሲመለስ የሁለቱ ብረቶች መገናኛ ፈጽሞ ደረቅ ይሁን፤ ቅባት የተቀባ ዘንግ አይነክስም። ዳዶውም በአምራቹ መጽሐፍ በተጻፈው ልክ ይጠብቅ፤ ከላላ ቮላኖው ይንሸራተትና ትንሿን ብረት ቈርጦ ዘንጉን ይፍቃል።

ይህ ሁሉ ለነጋዴው ምን ያደርግለታል ቢባል፣ ያገለገለ ሞተር ከመግዛቱ በፊት ክዳኑን አስከፍቶ ሊያያቸው የሚገባውን ያሳየዋል። ዳዶው የመዶሻ ምልክት ካለበት፣ ሦስቱ ቀዳዳዎች ጥርሳቸው ካለቀ ወይም የቮላኖው ጥርስ ከጎደለ፣ ሞተሩ ቀድሞ በማን እጅ እንደ ነበረ ቀለሙ ምንም ቢያምር ይታወቃል። ዋጋውን መቀነስ ወይም ግዢውን መተው እዚያው ላይ ነው። በጣና፣ በዝዋይ ወይም በጫሞ ለሚሠራ ጀልባ ሞተር የሚሸጥ ሰው ይህን ቢያይ ደንበኛውን ከባሕር መካከል ከመቅረት ያድነዋል። የደንገል ታንኳ ካንዴላ አያስፈልጋትም፤ መንገደኞችን የጫነ ባለሞተር ጀልባ ግን ነፋስ ሲነሣ ያለ ሞተር የትም አይደርስም።

መለዋወጫ የሚያስመጡም ዕቃውን በፈረስ ጉልበት ብቻ አይዘዙ። አንድ ዓይነት ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች በተለያየ ዓመት ሲሠሩ ፑንቲናቸውና ቦቢናቸው ሊለያይ ይችላል። በጀልባው ማሠሪያ ላይ በተመታችው ትንሽ ሰሌዳ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር ከደንበኛው ተጠይቆ ከትእዛዙ ጋር ይላክ። መንቀያው ሲታዘዝም የአሮጌዎቹ የአሜሪካ ሞተሮች ጥርስ በኢንች፣ የጃፓኖቹ በሚሊሜትር መሆኑ ይታሰብ፤ ለሁለቱም የሚሆኑ ቡሎኖች በአንድ ሣጥን ቢመጡ ባለሱቁ ማንንም ደንበኛ ባዶ እጁን አይመልስም።