ሞተሩና ፓምፑ እንዴት ይያያዛሉ?

መጋጠሚያ ምን እንደሆነ ገበሬ ያውቃል። ሞፈርና ቀንበር በምራን ይታሰራሉ። ምራኑ ከተበጠሰ በሬዎቹ ይሄዳሉ፤ ሞፈሩ ይቀራል። ድግሩን ከማረሻው ጋር ደግሞ ወገል አጥብቆ ይይዘዋል። ምራን ትንሽ ይላወሳል፤ ወገል አይላወስም። ሁለቱም በየቦታቸው ያስፈልጋሉ።

የሞተርም ነገር እንደዚሁ ነው።

ከዓባይ ማዶ ወደ ጣና ዳር ስንወርድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ድምፅ እንሰማለን። ሽንኩርቱ ውሃ ይጠብቃል። ሞተሩ የራሱ ዘንግ አለው። ፓምፑም የራሱ ዘንግ አለው። የሞተሩን ዙር ለፓምፑ የሚያቀብለው በመካከል ያለው መጋጠሚያ ነው። በአንዳንድ ትናንሽ ፓምፖች ሁለቱ አንድ ላይ ስለተሠሩ አይታይም። ተለያይተው በተተከሉት ላይ ግን በግልጽ ይታያል።

ሦስት ዓይነት መጋጠሚያዎችን እንወቅ።

1ኛ. ጥብቅ መጋጠሚያ። በየዘንጉ ጫፍ ክብ ብረት አለ። ሁለቱ ብረቶች ፊት ለፊት ገጥመው በብሎን ይታሰራሉ። እንደ ወገል ነው፤ አይላወስም። ስለዚህ ሁለቱ ዘንጎች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። ከተዛነፉ ኩሽኔታው ይበላል፤ ዘንጉም ሊሰበር ይችላል።

2ኛ. ጎማ ያለበት መጋጠሚያ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ጎማ ይገባል። ጎማው ንዝረትን ያበርዳል፤ ጥቂት መዛነፍንም ይችላል። ብዙውን ግን አይችልም። ጎማው ሲያልቅ ብረት ከብረት ይጋጫል፤ «ኳ ኳ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ይህን የሰማ ሰው ሞተሩን ያጥፋና ጎማውን ይመልከት። ጎማ ይለወጣል። በውሃ ጥም የደረቀ ሽንኩርት ግን አይመለስም።

3ኛ. ክሮቼራ። በጭነት መኪና ሆድ ሥር ይገኛል። መስቀል ይመስላል። የኋላ ጎማዎቹ በጉድጓድ መንገድ ከፍ ዝቅ ሲሉ፣ ክሮቼራው እየታጠፈ ዙሩን ያስተላልፋል። ግራሶ ካላገኘ ቶሎ ያልቃል።

በትልቁም ሥራ ነገሩ ያው ነው። ጢስ ዓባይ ላይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 የመብራት ኃይል ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በዚያ ውሃው ተርባይኑን አዞረ። ተርባይኑም በዘንግ አማካይነት ጄኔሬተሩን አዞረ። መብራትም ተገኘ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን እንንገራችሁ። የሚዞር መጋጠሚያ ዓይን የለውም። የጋቢ ጫፍ ወይም የነጠላ ዘርፍ ካገኘ ይጠቀልላል፤ ሰውየውንም ይጎትታል። እጅ ይቆርጣል፤ ሕይወትም ያጠፋል። ስለዚህ፦

መከለያውን አናንሳ።

ልብሳችንን ሰብሰብ አድርገን እንቅረብ።

ብሎን የምናጠብቀው ሞተሩ ጠፍቶ ዘንጉ ከቆመ በኋላ ይሁን።

ልጆችን እናርቅ።

ምራኑን ሳናይ በሬ አንጠምድም። መጋጠሚያውንም ሳናይ ሞተር አናስነሳ።