መኪና አልነሣ ባለ ጊዜ ሪሌይንና ሶሌኖይድን ስለ መመርመር

መኪና ያለው ቤተ ሰብ በመኪናው ላይ የጣለው ተስፋ ብዙ ነው። ሕመምተኛ በሌሊት ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሰው፥ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት፥ ሹሙም በሰዓቱ ከሥራው የሚገኘው በእርሱ ነው። ስለዚህ ቁልፉ ተጠምዝዞ ሞተሩ ዝም ያለ እንደ ሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ ይጨነቃል፤ ባለቤቱም ወይ ሾፌሩን ይቈጣል፥ ወይ ቸኵሎ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ነገር ግን ምስክር ሳይሰሙ መፍረድ እንደማይገባ፥ ሳይመረምሩ ባትሪን መኰነንም አይገባም። መኪናው በድምፁ ይመሰክራልና አስቀድሞ እርሱን መስማት ይሻላል።

በቀድሞ ዘመን ሞተር የሚነሣው በሰው ክንድ ነበር፤ የሚጠመዘዘውም ብረት አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ እየተመለሰ ክንድ ይሰብር ነበር። በኋላ አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ በኤሌክትሪክ የሚያስነሣ መሣሪያ አዘጋጀ፤ ይህም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1912 ዓመት የካዲላክ መኪናዎች ላይ ወጣ።

ይህ ሞተሪኖ የሚባለው መሣሪያ ሥራውን ሲጀምር ከባትሪው የሚስበው ኀይል ብዙ ጊዜ ከ100 አምፔር በላይ ነው። ከቁልፉ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ይህን ሁሉ መሸከም ስለማይችል ትእዛዙ በደረጃ ይተላለፋል። ቁልፉ ለሪሌይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ሪሌይም ለሶሌኖይድ ያቀብላል። ሶሌኖይድ ደግሞ በማግኔት ኀይል ብረት ስቦ ሁለት ሥራ ይፈጽማል፤ ይኸውም የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ከሞተሩ ትልቅ ባለ ጥርስ መንኰራኵር ጋራ ያገናኛል፤ የባትሪውንም ወፍራም ሽቦ ከሞተሪኖው ጋራ ያጋጥማል።

ሪሌይን የፈለገ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ከባትሪው አጠገብ ያለውን የፊውዝ ሣጥን ይመልከት፤ የያንዳንዱ ስፍራ ብዙ ጊዜ በክዳኑ ላይ ተሥሎ ይገኛል። በአንዳንድ መኪና ግን ከመሪው በታች ነው። ሶሌኖይድን የፈለገ ደግሞ ከባትሪው የፖዘቲቭ ጫፍ የሚነሣውን ወፍራም ሽቦ ይከተል፤ ሞተርና ካምቢዮ ከሚጋጠሙበት ዘንድ፥ በሞተሪኖው ጀርባ ላይ ተጣብቆ ያገኘዋል።

እንግዲህ ድምፁን እንስማ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ቶሎ ቶሎ የሚመታ እንደ ሆነ፥ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም ጫፎቹ ዝገዋል፥ ላልተዋልም። ደኅና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ባረፈበት ጊዜ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። መብራቱ ደማቅ ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅ ብሎ ዝም ያለ እንደ ሆነ፥ ጥርጣሬው በሶሌኖይዱ ወይም በሞተሪኖው ላይ ነው። ሞተሪኖው እየጮኸ ለብቻው ሲዞር ትልቁ ሞተር ካልተንቀሳቀሰ፥ ጥርሱ አልተገናኘም።

ምንም ድምፅ የሌለ እንደ ሆነ ግን አስቀድሞ ማርሹ ከሥራ ውጭ መሆኑን ወይም ፍሪሲዮኑ መረገጡን፥ ቀጥሎም ፊውዙን፥ ከዚያም ሪሌዩን መመርመር ነው። በሣጥኑ ውስጥ ቍጥሩና ዐይነቱ ፍጹም አንድ የሆነ ሌላ ሪሌይ ካለ፥ ቁልፉን አጥፍቶ ሁለቱን ማለዋወጥ ይቻላል። በዚህ ሞተሩ ከተነሣ ጥፋተኛው ያ ትንሽ ሪሌይ ነው፤ ዋጋውም ከባትሪ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።

አንዳንድ ሰዎች በካቻቢቴ የሶሌኖይዱን ጫፎች አገናኝተው ሞተር ያስነሣሉ። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። መኪናው በማርሽ ላይ ከቆየ ዘሎ በፊቱ ያለውን ሰው ይደፈጥጣል፤ የሚፈናጠረውም እሳት ከባትሪው የሚወጣውን ጋዝ ሊያቀጣጥል ይችላል። ስለዚህ የሞተሪኖውን ሽቦ ከመንካት በፊት የእጅ ፍሬን መያዝ፥ የባትሪውን የነጌቲቭ ሽቦ መፍታት፥ ልጆችንም ከመኪናው ማራቅ ግዴታ ነው። ቁልፉ ተለቆ ሞተሪኖው መዞሩን ያላቆመ እንደ ሆነ ውስጡ ተጣብቋልና፥ ሳይዘገዩ ባትሪውን መፍታት ያስፈልጋል።

በቁልፍ ፈንታ በአዝራር የሚነሡት አዳዲስ መኪናዎች ትእዛዙን በኮምፒዩተር ስለሚያስተላልፉ ምርመራቸው የባለሙያ መሣሪያ ይሻል። ቢሆንም ባለቤቱም ሆነ ሾፌሩ የሰማውን ድምፅ ለመካኒኩ በትክክል ቢነግረው፥ የማያስፈልገውን ዕቃ ከመግዛት ይድናል፤ መኪናውም ለቤተ ሰቡ አገልግሎት ፈጥኖ ይመለሳል።