ሿሚው ማን ነው? የስኮትላንድ ፓርላማና የ1641ዱ የሹመት ሕግ

የሹመት ወሬ ሲሰማ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «ማን ተሾመ?» ብሎ ነው። «ማን ሾመው?» የሚለው ጥያቄ ግን ይበልጥ ብዙ ነገር ይነግረናል። ሹም ዐይኑን የሚጥለው ወደ ሾመው ነው፤ የሚፈራውም ሊሽረው የሚችለውን ነው። ይህን አጥርተው ከሚያሳዩ የታሪክ ምዕራፎች አንዱ በ1641 በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤደንብራ ተፈጽሟል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንጉሡ የራቀበት መንግሥት

በ1603 የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ልጅ ሳትተካ ስለ ሞተች ዘውዱ ለዘመዷ ለስኮትላንዱ ንጉሥ ለጄምስ ስድስተኛ ደረሰ። ጄምስ መኖሪያውን ወደ ለንደን አዛወረ፤ እስኪሞት ድረስ ባሉት 22 ዓመታት አገሩን የጎበኘው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1617 ነው። ሁለቱ መንግሥታት አንድ ንጉሥ ይኑራቸው እንጂ ፓርላማቸው፣ ሕጋቸውና ሹማምንታቸው ለየብቻ ነበሩ።

ንጉሡ ከራቀ ታዲያ አገሩን ማን ያስተዳድራል? ሹማምንቱ ናቸው። የሁሉ የበላይ ቻንስለሩ ነበር፤ እንደ እኛው ጸሐፌ ትእዛዝ የመንግሥቱን ታላቅ ማኅተም ይጠብቃል። ግምጃ ቤቱን የሚይዘው ሹም ገንዘቡን ይቆጣጠራል። የእልፍኝ ማኅተም ጠባቂ አለ፤ ከንጉሡ ጋር የሚጻጻፍ ጸሐፊ አለ፤ የፓርላማውን ሕግ የሚያስቀምጥ የመዝገብ ሹም አለ፤ ስለ ዘውዱ የሚሟገት ዐቃቤ ሕግም አለ። እነዚህን ሰዎች የሚመርጥ ሁሉ ስኮትላንድን ገዛ ማለት ነው።

የጄምስ ልጅ ቀዳማዊ ቻርልስ ይህን ያውቅ ነበር። በ1635 ሊቀ ጳጳሱን ጆን ስፖቲስዉድን ቻንስለር አድርጎ ሾመ። ከሃይማኖት ተሐድሶው ወዲህ ያን ወንበር የያዘ የቤተ ክርስቲያን ሰው አልነበረምና መኳንንቱ ክብራችን ተነካ አሉ። በ1637 ደግሞ ንጉሡ ሕዝቡ ያልጠየቀውን የጸሎት መጽሐፍ በግድ ሊያስገባ ሲሞክር በኤደንብራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ረብሻ ተነሳ። በዓመቱ መኳንንቱ፣ ባለርስቱ፣ ቀሳውስቱና ከተሜው ብሔራዊ ቃል ኪዳን በሚባለው ሰነድ ላይ ፈረሙ። ነገሩ ወደ ጦርነት አመራ፤ በ1640 የስኮትላንድ ሠራዊት ድንበር ተሻግሮ የእንግሊዝን ከተማ ኒውካስልን ያዘ።

የመስከረሙ ሕግ

ቻርልስ በነሐሴ 1641 ወደ ኤደንብራ የመጣው እንግዲህ ጦሩ ተሸንፎ፣ ገንዘቡ አልቆ፣ ከለንደኑ ፓርላማም ጋር ተጣልቶ ነው። የስኮትላንድ ፓርላማ ስብሰባ የተደረገው በ1639 ተሠርቶ ባለቀው አዲስ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጳጳሳቱ ባለፈው ዓመት ከፓርላማው ተወግደዋል፤ የቀሩት መኳንንቱ፣ የአውራጃ ባለርስቶችና የከተሞች ተወካዮች ናቸው። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ከእንግዲህ ሹመት ያለ እኛ ፈቃድ አይሁን።

መስከረም 16 ቀን ንጉሡ ተስማማ። በሕጉ መሠረት የመንግሥት ከፍተኛ ሹማምንትን፣ የንጉሡን አማካሪዎችና የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞችን የሚመርጠው ንጉሡ ነው፤ ሹመቱ ግን በፓርላማው ምክርና ይሁንታ መሆን አለበት። ፓርላማው ባልተሰበሰበበት ጊዜ ወንበር ክፍት ከሆነ ንጉሡ ከአማካሪዎቹ ጋር መክሮ ይሾማል፤ ቀጣዩ ፓርላማም ሹመቱን ያጸድቃል።

ሕጉ በቀናት ውስጥ ተፈተነ። ንጉሡ ለቻንስለርነት ያቀረበው ባለሟሉን የሞርተንን ኧርል ነበር። የአርጋይል ኧርል ተነሥቶ ተቃወመ። ሰውየው አርጅቷል፣ ዕዳ አለበት፣ ሹመቱ ከአበዳሪዎቹ መሸሸጊያ ይሆነዋል፣ አገሩንም በጭንቅ ቀን ትቷል ብሎ በጉባኤው ፊት ተናገረ። ተቃዋሚው የሞርተን የገዛ አማቹ፣ የልጁ ባል መሆኑ ነገሩን ይበልጥ አመረረው። ሽማግሌው ስሜን አንሡልኝ ብሎ ንጉሡን ለመነ።

በመጨረሻ ሹመቱ የጸናው ለላውደን ኧርል ለጆን ካምቤል ነው። ይህ ሰው ከቃል ኪዳኑ መሪዎች አንዱ ነበር፤ በ1640 ቻርልስ ራሱ በለንደን ግንብ አሳስሮት ነበር። የትናንቱ እስረኛ ታላቁን ማኅተም ከአሳሪው እጅ ተቀበለ። ንጉሡ ለግምጃ ቤቱ ያሰበው ሰውም አልተሳካለትም፤ ሥራው ለአንድ ኮሚሽን ተሰጠ።

ያ ፓርላማ የሕዝብ ሁሉ ድምፅ እንዳልነበረ ማወቅ ይገባል። ገበሬውና ሴቶች በዚያ ቦታ አልነበራቸውም፤ ያሸነፈውም ወገን ዘመዱንና ወዳጁን አልረሳም። አርጋይል ራሱ በዚያው ዓመት ወደ ማርኪስነት ከፍ ብሏል። ቢሆንም ለሹመት የታጨ ሰው ስሙ በአደባባይ ተነሥቶ፣ ብቃቱና ነውሩ ተመዝኖ፣ እሺም እምቢም ሊባል መቻሉ ትልቅ ነገር ነበር።

የተሻረውና የተረፈው

የለንደን ፓርላማ ይህን ሁሉ በቅርብ ይከታተል ነበር፤ ጆን ሃምደንን የመሳሰሉ እንደራሴዎችን ወደ ኤደንብራ ልኮ ነበር። በሰኔ 1642 ለቻርልስ ባቀረባቸው 19 ጥያቄዎች ውስጥ የሹማምንትን ሹመት ፓርላማ ያጽድቅ የሚለው ጥያቄ ግንባር ቀደሙ ነው። ንጉሡ እምቢ አለ፤ በነሐሴ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ።

በጦር የተገኘው የስኮትላንዱ መብት ጦሩ ሲደክም አብሮ ወደቀ። የንጉሡ ልጅ ዳግማዊ ቻርልስ ወደ ዙፋኑ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1661፣ አዲሱ ፓርላማ ሹመት የንጉሡ ብቻ ነው ብሎ ደነገገ፤ በግንቦት ወር የአርጋይል አንገት ተቀላ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። በ1703 አንድሩ ፍሌቸር የሚባል እንደራሴ ሹመት ሁሉ በፓርላማው እንዲሰጥ በድጋሚ ተሟግቷል። ከአራት ዓመት በኋላ ግን ፓርላማው ራሱ ከእንግሊዙ ጋር ተዋሕዶ ተዘጋ።

በ1999 ስኮትላንድ ፓርላማዋን መልሳ አገኘች። ዛሬ የመጀመሪያ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን የሚመርጥ ቢሆንም ፓርላማው ሳይስማማ ስማቸውን ለንጉሡ ማቅረብ አይችልም። በ1641 ከነበሩት ወንበሮች አንዱ፣ የዐቃቤ ሕጉ ወንበር፣ እስከ ዛሬ አለ፤ ለእርሱም የሚታጨው ሰው በመጀመሪያ የኤደንብራውን ፓርላማ ይሁንታ ማግኘት አለበት።